ማንም ያላንኳኳው በር

በወባው ዓመት ዋሂባ ገና የወተት ጥርሷ እየረገፈ ነበር። በዚያ ዓመት በላይኛው ግብፅ ከቀና ከተማ እስከ አስዋን ስንዴው የሚያጭደው አጥቶ ማሳው ላይ ቆሞ ቀረ። በቤታቸው መጀመሪያ እናቷ ወደቀች፤ ቀጥሎ ታላቅ እህቷ፤ በመጨረሻም አባቷ። አባቷ ጉልበቱ ሳይከዳው በፊት ዋናውን በር ከውስጥ በእንጨት መቀርቀሪያ ዘግቶት ነበር። የታመመ ቤት እየገቡ የሚዘርፉ ሰዎች አሉ ሲባል ሰምቶ ነው። ከዚያ በኋላ ተነስቶ የከፈተው የለም።

ልጅቱ ራሷም በትኩሳት ትንቀጠቀጥ ነበር። ጮኸች። ጎረቤቱ ሁሉ በየቤቱ ተኝቷል፤ የሰማት ቢኖርም መነሳት አልቻለም። እንስራው ደረቀ። እናቷ ስትጠራት መመለስ ባቆመች ጊዜ የሊጡን ገንዳ እየጎተተች ወስዳ በሩ ስር ደፋችውና ላዩ ላይ ወጣች። እጇ አልታዘዝ ሲላት መቀርቀሪያውን በትከሻዋ ገፋችው። እሱ ሲወጣ እሷም አብራ ወደቀች፤ አገጯ ላይ ያለው ጠባሳ ያን ቀን የተረፋት ነው። በእንብርክኳ ቦዩ ድረስ ሄዳ ጠጣች፤ ሻሿን በውሃ ነክራ ተመለሰች። ከዚያ ቤት የተረፉት እሷና ያን ሻሽ የመጠጠችው እህቷ ናቸው።

ይህን የነገረችኝ ራሷ ናት፤ ስትነግረኝ እንባ አላወጣችም።

አድጋ ጋድ የሚባል ገበሬ አገባች። የጋድ ቤት ወደ ወፍጮውና ወደ መስጊዱ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። አያቱ ያሠሩት ባለ ሁለት ሳንቃ የግራር በር አለው፤ ምስማሮቹ የልጅ ጡጫ ያክላሉ። በስተኋላ ደግሞ ከብቶቹ የሚገቡበት አጭር በር አለ፤ ሰው በዚያ ሲያልፍ አንገቱን ይደፋል።

እኔ በዳሪ የዘይዳን ቤት ልጅ ነኝ። ይህን አስቀድሜ መናገር ይገባኛል፤ ምክንያቱም ጋድ በተገደለ ጊዜ ገዳይ ተብለን የተጠራነው እኛ ነን።

በዚያ ሳምንት ጋድና አባቴ ሐጅ ረስላን በቦይ ውሃ ተራ ተጣልተው ነበር። አባቴ ሰው በተሰበሰበበት፣ "ውሃዬን ዳግመኛ ብትዘጋ አንተኑ እዚያው ቦዩ ውስጥ እደፍንሃለሁ" ብሎታል። ብሎ ነበር፤ አንክድም። ከዚያ አንድ ቀን ፀሐይ ስትጠልቅ ከሸንኮራው ውስጥ አንድ ተኩስ ተሰማ። የጋድ ታናሽ ወንድም ቀናዊ ቁስለኛውን በጀርባው ተሸክሞ መጣ። ጋድ የቤቱን ደፍ ሳያልፍ፣ ግማሹ ውጭ ግማሹ ውስጥ እንደሆነ ሞተ። ፖሊሶች መጡ፤ ጠየቁ፤ ማንም አላየሁም አለ፤ ተመለሱ።

በእኛ አገር ደሙ ላልተመለሰ ሰው አይለቀስም። ምንጣፍ አይነጠፍም፤ ቁርዓን የሚቀራ አይጠራም፤ ሴቶች ድምፃቸውን አያሰሙም። የቤቱ ዋና በር ይዘጋል፤ ቤተሰቡም በከብቶቹ በር ይወጣል፣ ይገባል። ደሙ የተመለሰ ዕለት በሩ ይከፈታል፤ ከስንት ዓመት በኋላም ቢሆን አገሩ ገብቶ ሟቹ ያን ቀን እንደሞተ አድርጎ ያለቅሳል።

ቀናዊ በሰው ፊት ቆሞ፣ "የወንድሜ ቤት በር ተዘግቷል" አለ። ዋሂባ ልጇን ሃሪዲን በጎኗ ታቅፋ ትሰማ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰው ሁሉ ኡም ሃሪዲ፣ የሃሪዲ እናት፣ ይላት ጀመር። ቀናዊ ሳንቃውን ሊገፋ እጁን ሲሰነዝር ቀደመችው።

"ተወው። የምዘጋው እኔ ነኝ፤ የምከፍተውም እኔ ነኝ።"

ሴቶቹ ይህን ሰምተው አንበሳ አሏት። እኛ ደግሞ ፈራናት።

አባቴ ጋድን አልገደለም። ቁርዓን ይዞ ማለ፤ የሚያምነው አጣ። ሽማግሌዎች እየተመላለሱ አንድ ነገር ለመኑት፦ ከፈኑን ተሸከም። ገዳይ ወይም የገዳይ ወገን በባዶ እግሩ፣ ጥምጣሙን አውልቆ፣ የሚቀበርበትን ነጭ ጨርቅ በሁለት ክንዱ ይዞ ወደ ሟች ቤት ይሄዳል፤ ብትፈልጉ ግደሉኝ፣ ብትፈልጉ ማሩኝ ማለቱ ነው። ጨርቁን ከተቀበሉት ደሙ ይደርቃል።

"ልጆችህን አስብ" አሉት።

"የማስበው ልጆቼን ነው" አለ አባቴ። "ያልገደልሁትን ሰው ከፈን ብሸከም ልጆቼ እስከ ዘላለሙ የገዳይ ልጆች ናቸው።"

እንዲህ ሆነን ኖርን። እናቴ ማለዳ ማለዳ እህቴን ነጅላን ውሃ ልትቀዳ እንደምትሄድ አስመስላ በዚያ በር አጠገብ ታሳልፋት ነበር። ነጅላ ተመልሳ፣ "ተዘግቷል" ትላለች። ዳቦ የሚቀርበው ከዚያ በኋላ ነው። ያቺን ቃል ሳንሰማ ቁርስ የበላንበት ቀን ትዝ አይለኝም።

ቀናዊን ክፉ ሰው ነበር ብዬ አልጽፍም። የወንድሙን ማሳ ከራሱ አስቀድሞ ያርስ ነበር። ልጁን ትከሻው ላይ አስቀምጦ ገበያ ይወስደው ነበር፤ ለበዓል አዲስ ጀለቢያ ያሰፋለት ነበር። እህል ሲያመጣም ሁልጊዜ በከብቶቹ በር አንገቱን ደፍቶ ይገባል።

ሃሪዲ አደገ። እኔ በጥቂት ዓመት እበልጠዋለሁ። መንገድ ላይ ስንተላለፍ እሱ ግራውን ግድግዳ፣ እኔ ቀኙን ይዘን እንሄዳለን። አንድ ቀን ሻይ ቤት ሲገባ አየሁት። አንድ አፈ ስል ሰውዬ ለአስተናጋጁ፣ "የሃሪዲን ሻይ በጓሮ በር አምጣለት፤ በፊት በር መግባት አልለመደም" አለው። ሰው ሳቀ። ልጁ ሻዩን ሳይጠጣ ወጣ። እኔ አልሳቅሁም፤ የዚያን ሳቅ ዋጋ የምከፍለው እኔ እንደሆንሁ አውቄአለሁ።

የሃሪዲ ጢም ባቀመቀመ ዓመት ቀናዊ ጠመንጃ እንደሰጠው ሰማን። ከሁለቱም ወገን የተጋባች አንዲት ሴት ለእናቴ በጆሮዋ ነግራት ነው። ደም መላሽ ተኳሹን አይፈልግም፤ ከደመኛው ቤት ዋናውን ወንድ ይመርጣል። አባቴ አርጅቷል። ወንድሜ ገና ልጅ ነው። የቀረሁት እኔ ነኝ።

"ወደ እስክንድርያ ሂድ" አለኝ አባቴ። "የአክስትህ ልጅ ወደቡ ላይ ይሠራል።"

"እኔ ከሄድሁ ወንድሜን ይጠብቁታል።"

"እሱ ልጅ ነው።"

"ሃሪዲም ልጅ ነበር።"

አባቴ ሁለተኛ አላነሳውም። እኔም ሸንኮራ ባለበት መሄድ ተውሁ። ሸንኮራው ደግሞ በዚያ ወር ከሰው በላይ ነው፤ መንገዱን ከግራና ከቀኝ ይዞታል። ቅጠሉ በነፋስ በተንኮሻኮሸ ቁጥር ጀርባዬ ላይ ላብ ይወርድ ነበር። እናቴ ሌሎቹን ትታ የእኔን ልብስ ብቻ በየቀኑ ታጥብ ጀመር። የተገደልሁ ዕለት ንጹሕ ለብሼ እንድገኝ መሆኑን ሳትነግረኝ አውቄአለሁ።

አንድ ማለዳ ነጅላ እየሮጠች ተመለሰች። ማድጋውን የት እንደጣለችው አላወቀችም።

"ተከፍቷል" አለች።

"ምኑ?" አላት አባቴ።

"በሩ። ሁለቱም ሳንቃ።"

ተኩስ አልሰማንም። እናቴ ዞር ብላ በዓይኗ ቆጠረችን። ወንድሜ የለም። አህያውን ይዞ ከጎህ በፊት ወጥቷል። አባቴ ዱላውን አነሳ። በዚህ መካከል ወንድሜ አፉን በሸንኮራ ሞልቶ ከጓሮ ገባ፤ እናቴም ሳትናገር በጥፊ መታችውና አቅፋው ተቀመጠች።

"እንግዲህ ማን ሞተ?" አለ አባቴ።

ማንም አልሞተም። ያስፈራንም ይኸው ነው። አባቴ ወጣ። እዚህ ቆይ አለኝ፤ ተከተልሁት።

ደጃፉ ላይ የአገሩ ሰው ግማሹ ቆሟል፤ የገባ ግን የለም። ደፉ ተጠርጓል፤ ውሃ ተርከፍክፎበታል። ግቢው ውስጥ ምንጣፍ ተነጥፏል። ዋሂባ ጥቁሯን ለብሳ ፊቷን ወደ መንገዱ አድርጋ ተቀምጣለች። ሃሪዲ አጠገቧ ቆሟል፤ ጠመንጃው ትከሻው ላይ ነው፤ ፊቱ አመድ መስሏል። እሷ በግራ እጇ የልጁን አንጓ ይዛዋለች። የከብቶቹ በር ላይ ደግሞ የሊጡን ገንዳ ደፍታ፣ በላዩ ድንጋይ ከምራ ደፍናዋለች።

አንድ ሽማግሌ ከመንገዱ ሆኖ ጠየቃት። "ኡም ሃሪዲ፣ ደሙ ተመለሰ?"

"አልተመለሰም።"

"ታዲያ በሩ?"

"በሩ የኔ ነው፣ አባቴ። ስዘጋው ጠየቃችሁኝ?"

"ሴትዮዋ ለይቶላታል" አለ ከኋላዬ የቆመ ሰው።

በዚህ ጊዜ ቀናዊ መጣ። መጀመሪያ በጓሮ ሞክሮ ተዘግቶበት ነው የዞረው፤ ጀለቢያው ላይ የአዛባ ምልክት ነበር። ሰውን እየገፋ ደጃፉ ላይ ቆመ።

"ምን እየሠራሽ ነው አንቺ ሴት? ወንድሜን ልታዋርጂው ነው?"

"ቀናዊ ወንድሜ፣ እንኳን መጣህ። ስጠብቅህ ነበር" አለችው ረጋ ብላ። "ለጋድ አልቅሰን አናውቅም። ቀድሞ የሚገባው የሥጋ ወንድሙ ነውና ግባ።"

"ደሙ ሳይመለስ?"

"እሱን ልጄ ሊመልሰው ተነስቷል። ጠመንጃውን አንተው ሰጥተኸዋል። ዛሬ ጧት እጄን ስሞ ሊወጣ ሲል ነው የያዝሁት። የሚገድለውም ያውልህ፣ በእግሩ መጥቶ ቆሟል።" አገጯን ወደ እኔ አነሳች። የሰው ሁሉ ዓይን ዞረ። አጠገቤ የነበሩት ፈቀቅ አሉ፤ ከአባቴ በቀር። "አያመልጥም። እኔ መጀመሪያ የምለምንህ አንድ ነገር ነው። ይህን ደፍ ተሻገርና የልጁን እጅ ይዘህ፣ አላህ ሶብሩን ይስጥህ በለው። ከዚያ እለቀዋለሁ።"

ቀላል ነገር ነው። ትዕግሥቱን ይስጥህ ማለት ነው፤ በየለቅሶው የምንለው ነው።

ቀናዊ እግሩን አነሳ። ደፉ ላይ ሳያሳርፍ መለሰው። የበሩን መቃን ይዞ ወደ ታች አየ። ወንድሙ የሞተበትን ቦታ ነው የሚያየው፤ ከዚያ ቀን ወዲህ በዚያ በኩል አልፎ አያውቅም።

"አጎቴ፣ ግባ እንጂ" አለው ሃሪዲ።

ቀናዊ መቃኑን አጥብቆ ያዘ።

"አጎቴ?"

ልጁ ሁለተኛ ሲጠራው ድምፁ እንደ ሕፃን ቀጥኖ ነበር። ቀናዊ መቃኑን ለቀቀና ሰውን ሰንጥቆ ወደ መጣበት ሄደ። አልሮጠም። ማንም አላስቆመውም።

"እማ፣ ምንድን ነው ይሄ?"

"ቆይ" አለችው።

ቆየን። ፀሐዩ በአናታችን ላይ ወጣ። የቀትር አዛን ተባለ፤ ወደ መስጊድ የሄደው ጥቂት ነው። ዋሂባ አልተነሳችም፤ የልጁንም አንጓ አልለቀቀችም። ሃሪዲ አንድ ሁለቴ እጁን ሲጎትት አይቻለሁ። እኔ ከቆምሁበት ብንቀሳቀስ ሸሸ ይሉኛል፤ ብቆም ጠመንጃው ፊቴ ነው። አባቴ በሹክሹክታ፣ "ቀጥ ብለህ ቁም" አለኝ። ቀጥ ብዬ ቆምሁ።

ከዚያ ከመንገዱ ጫፍ ዝምታ እየቀደመው መጣ። ሰው ለሁለት ተከፈለ። ቀናዊ ባዶ እግሩን ነው። ጥምጣሙ የለም፤ ሽበቱ ይታያል። በሁለት ክንዱ ላይ የታጠፈ ነጭ ጨርቅ ይዟል። ከፈን ነው። አባቴን ስንት ዓመት ተሸከም ሲሉት የኖሩት እሱን ነው።

ቀናዊ ደፉ ፊት ተንበረከከ።

"ቀበሮ መስሎኝ ነው" አለ፤ የሚያየው መሬቱን ነው። "ሸንኮራውን እየጠበቅሁ ነበር፤ ተንኮሻኮሸ፤ ተኮስሁ። ጋድ ነበር። ተሸክሜው ስመጣ እናገራለሁ ብዬ ነበር። እዚህ ስደርስ ሞተ። ሰው ሁሉ ረስላን ነው፣ ዘይዳን ነው እያለ ይጮሃል። ዝም አልሁ። በነጋታው እኔም እንደ ሰው ዘይዳን ነው አልሁ። ከዚያ በኋላ መመለሻ አጣሁ። ደም ይቅር ብል፣ ሰው ለምን ይላል።"

ሃሪዲ ጠመንጃውን ከትከሻው አወረደ። ትከሻው ላይ ያሳደገው ሰውዬ ነው ፊቱ የተንበረከከው።

ያን ጊዜ ዋሂባ አንጓውን ለቀቀችው። ጣቶቿ የያዙበት ቦታ ቀልቶ ነበር።

"እኔ ከእንግዲህ አልይዝህም" አለችው።

ልጁ ብዙ ቆመ፤ ወይም ለእኔ ብዙ መሰለኝ። ከዚያ ጠመንጃውን ሳያያት ጭኗ ላይ አስቀመጠላት። ሄዶ ደፉ ላይ ቆመና ጨርቁን ከአጎቱ ክንድ ወሰደ። አጎቱን ግን አላነሳውም። ጨርቁን አቅፎ እንደ ጠፋ ሰው ዙሪያውን ያይ ነበር።

ማንም አልገባም። ማን እንደሚቀድም የሚያውቅ አልነበረም። አባቴ ነው የገባው። ጫማውን አወለቀ፤ በተንበረከከው ቀናዊ አጠገብ አልፎ ደፉን ተሻገረ፤ የሃሪዲን እጅ ያዘ።

"አላህ ሶብሩን ይስጥህ፣ ልጄ። አባትህ ጎበዝ ሰው ነበር። በውሃ ነው የተጣላነው።"

እኔም ተከተልሁት። የሃሪዲ እጅ በረዶ ነበር፤ የእኔም አይሻልም። ከኋላችን አገሩ ገባ። ዋሂባ እስከዚያ ሰዓት ድረስ ስለ ባሏ አንድም ጊዜ ድምፅ አውጥታ አልቅሳ አታውቅም። ስትጀምር ሴቶቹ ሊከተሏት አልቻሉም።

ቀናዊ ከዚያ በኋላ ወደ ሚስቱ አገር ሄዶ ተቀመጠ። በየበዓሉ ይመጣል። በዋናው በር ነው የሚመጣው፤ ክፍት ሆኖ ሳለ እንኳ ያንኳኳል። ግባ ትለዋለች። ሃሪዲ ግን ከእሱ ጋር ከአንድ ሳህን ለመብላት ብዙ ዓመት ፈጀበት።

እሷ ስታረጅ እኔም አረጀሁ። ማታ ማታ በሯ አጠገብ ካለው መደብ ላይ ሄጄ እቀመጥ ነበር። አንድ ቀን እንዴት እንዳወቀች ጠየቅኋት።

"ጋድ የሞተ ዕለት ቀናዊ ጠመንጃውን ከበሩ ኋላ አቆመው" አለችኝ። "ሃሪዲ እንዳይነካው ብዬ ሳነሳው ባሩዱ ገና ይሸታል። እሱ ግን ለፖሊሱ፣ ተኩስ ሰምቼ ከቤቴ ሮጥሁ፣ እኔ አልተኮስሁም ይላል። ሰማሁት።"

"ለምን ዝም አልሽ ታዲያ?"

"ለማን ልናገር? ለመንግሥት ብናገር እሱን ወስደው ያስሩታል፤ ሁለት ቤት ያለ ወንድ ይቀራል። ለዘመድ ብናገር ልጄ አድጎ አጎቱን ይግደል? በሩን ከፍቼ እንዳልቀመጥ ደግሞ ቀድሞ ገብቶ አላህ ያጽናሽ የሚለኝ እሱ ነው። እሱን መስማት አልቻልሁም። ስለዚህ ዘጋሁት። አንድ ቀን በዚህ በኩል መጥቶ ያንኳኳል ብዬ ጠበቅሁ። ሌሊት እንኳ ኮሽ ባለ ቁጥር እነሳ ነበር።"

"እኛስ ኡም ሃሪዲ? እኛም እኮ እንጠብቅ ነበር።"

"አውቃለሁ። እህትህ ማለዳ ማለዳ ስትመጣ በበሩ ስንጥቅ አያት ነበር። ማድጋዋ ባዶ ሆኖ ይንቀጠቀጥ ነበር።" ሻሿን አስተካከለች። "ማረኝ አልልህም፣ በዳሪ። ልጄን ያሳደግሁት እናንተ ባጣችሁት እንቅልፍ ነው። የሚያንስ ነገር ብወስድባችሁ ኖሮ ይቅርታ እጠይቅህ ነበር።"

ቅር አላለኝም ብል ውሸት ነው። ነገር ግን በማግሥቱም ሄድሁ።

ከመሞቷ በፊት በነበረው ክረምት ደግሞ አንድ ማታ፣ ሃሪዲ ከማሳ ተመልሶ፣ እጁን ታጥቦ፣ እራት አቅርቦላት ገባ ሲል፣ ሰው ስለ እሷና ስለ በሩ የሚያወራውን ነገርኋት። አሁንም ልጆች ሲያልፉ ምስማሮቹን ይነካሉ አልኋት። በእጇ ተወው አለችኝ።

"ሰው ስለ በሩ ያውራ። በልጅነቴም በትከሻዬ የከፈትሁት በር ነበር፤ ማንም አልጻፈውም። እኔን ጋድን ያለቀስን ቀን ያስጨነቀኝ የሃሪዲ እጅ ነው። ሲጎትት ጊዜ ላቡ ያዳልጠኝ ነበር፤ ካመለጠኝ አለቀ። አላመለጠኝም። ይኸው አሁን ጥርስ የለኝምና ዳቦውን እየቆረሰ ያጎርሰኛል። ሲያጎርሰኝ እጁን አየዋለሁ። ደም ሳይነካው፣ እንደ ወለድሁት ነው።"